«ልቧ አይችልም»፦ የኮረንቲ ሕክምና ከሮም እስከ ስቶክሆልም



ውድ እህትና ወንድሞቻችን፣ ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሰላት በኋላ መስጂዱን ለመዝጋት መብራት እያጠፋን ሳለ አንድ የሰፈራችን ወጣት ጫማውን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ። ጥያቄ ያለው ሰው አቋቋሙ ያስታውቃል። «ኡስታዝ፣ አንዴ ይህን ይስሙልኝ» ብሎ ስልኩን አወጣ።

ከስቶክሆልም የተላከ የድምፅ መልእክት ነው። የሚናገረው የአክስቱ ልጅ ነው። እናቱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ምግብ ከቀነሱ ወራት ሆኗቸዋል፤ አሁን ግን ውኃም በልመና ነው። ሌሊት አይተኙም። «አላህ ትቶኛል፣ ለእናንተም ሸክም ሆኛለሁ» እያሉ ግድግዳ ያያሉ። ክኒን ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀይሮላቸው ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ቤተሰቡን ጠርተው «በኤሌክትሪክ እናክማቸው» አሉ። ችግሩ እናትየው የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር ጠቦባቸዋል። ትልቁ ልጅ «ልቧ አይችልም፣ ይገድሏታል» ብሎ ተነሣ። መካከለኛው «ይህ የጂን ነገር ነው፣ ሩቅያ እንጂ ኮረንቲ ምን ያደርጋል» አለ። ትንሹ ደግሞ ይህን መልእክት ላከ፦ ይፈቀዳል ወይ? ደግሞስ ይተርፋሉ ወይ?

እኛ ሐኪምም ሙፍቲም አይደለንም። ለወጣቱ ቀናት እንዲሰጠን ለመንነው። ምክንያቱም የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለተኛው ሳይመለስ አይመለስም፤ አንድ ሕክምና ይፈቀዳል አይፈቀድም ለማለት ጉዳቱና ጥቅሙ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ማንበብ ጀመርን። በጀማዓችን ውስጥ በማደንዘዣ ሙያ የሚሠራ ወንድም አለ፣ እሱንም አስቸገርነው። ያገኘነው ነገር ከጠበቅነው በላይ ረጅም ታሪክ ያለው ሆኖ ስላገኘነው እነሆ እናካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሚገርመው፣ ይህ ሕክምና ሲጀመር ኮረንቲ አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1934 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ላዲስላስ ሜዱና የሚባል ሐኪም አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎችና የከባድ አእምሮ ሕሙማንን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲያይ ልዩነት ያየ መሰለው። «ሁለቱ በሽታዎች ጠላቶች ናቸው፤ አንዱን ብጠራ ሌላው ይሸሻል» ብሎ አሰበ። ሰውን ለማንዘፍዘፍ የመረጠው ነገር ካፉር ነው፤ አዎ፣ እኛ ጀናዛ ስናጥብ በመጨረሻው ውኃ ላይ የምንጨምረው ካፉር። በዘይት አሟሙቶ በመርፌ ወጋቸው። ቆይቶ ካርዲያዞል ወደሚባል ፈጣን መድኃኒት ተሸጋገረ። ታማሚዎቹ መርፌውን ከተወጉ በኋላ ማንዘፍዘፉ እስኪመጣ ባሉት ሰከንዶች ሞት የመጣ ያህል ይሸበሩ ነበር። ሁለተኛ እንዳይወጉ የሚሸሹ ብዙዎች ነበሩ።

ሜዱና የተነሣበት ሐሳብ ስሕተት እንደሆነ በኋላ ታወቀ። ሁለቱ በሽታዎች ጠላቶች አይደሉም። ነገር ግን በዓይን የታየው ውጤት እውነት ነበር፤ ከዓመታት ዝምታ በኋላ የተናገሩ፣ ተነሥተው የበሉ ታማሚዎች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙት ደግሞ በከባድ ድባቴ የተያዙት እንደሆኑ እየታየ መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብዙዎቻችን የምንስተው ይህንን ነው። የሚያድነው ኮረንቲው አይደለም። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት አንጎል ውስጥ የሚነሣውን ማንዘፍዘፍ ነው። ኮረንቲው ያንን መቀስቀሻ ክብሪት ነው።

ክብሪቱን ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው። ኡጎ ቼርሌቲ የሚባል ፕሮፌሰር የሚጥል በሽታን ለማጥናት ውሾችን በኤሌክትሪክ ያንዘፈዝፍ ነበር። አንዱን ሽቦ በአፍ፣ ሌላውን በመቀመጫ በኩል አድርጎ። ብዙዎቹ ውሾች ሞቱ። ለምን እንደሞቱ የገባው ሉቺዮ ቢኒ የተባለ ወጣት ረዳቱ ነው፤ ኮረንቲው ከአፍ ወደ ኋላ ሲሄድ በልብ ውስጥ ያልፋል። ሽቦዎቹ በሁለቱ ሰሪሳራዎች ላይ ቢደረጉ ግን መንገዱ ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ልብን አይነካም። ከዚያ በሮም ቄራ ዓሣማዎች ከመታረዳቸው በፊት ጭንቅላታቸው ላይ ኮረንቲ እንደሚደረግ ሰምተው ሄደው አዩ። እንስሳቱ ይንዘፈዘፋሉ እንጂ በኮረንቲው አይሞቱም፤ የሚገድላቸው ቢላዋው ነው። ሳይታረዱ ከቀሩ ተነሥተው ይሄዳሉ።

እንግዲህ የስቶክሆልሙ ልጅ «ልቧ አይችልም» ያለው ነገር አዲስ ጥያቄ አይደለም። ይህ ሕክምና ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የተጠየቀ የመጀመሪያው ጥያቄ የልብ ጥያቄ ነበር።

በሚያዝያ 1938 ሮም ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ቀረበ። በባቡር ጣቢያ ሲቅበዘበዝ ፖሊስ ያገኘው፣ ንግግሩ የማይያዝ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ኃይሉ አንሶ አላንዘፈዘፈውም፤ ጨምረው ደገሙ። ሰውየው ከተደጋጋሚ ሕክምና በኋላ ተሽሎት ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ ቆይቶ ሕመሙ ዳግም ተነሣበት። ሐቁን ለመናገር ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ታሪኩ በጀግንነት ሲተረክ ይህን የሚዘሉ አሉ፤ እኛ መዝለል አልፈለግንም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የትልቁን ልጅ ፍርሃት የወለደው ዘመን ነው። ሰዎቹ ያለ ማደንዘዣ፣ ነቅተው ይተኛሉ፤ አራት አምስት ሰው እጅና እግራቸውን ይጫናል፤ ሰውነታቸው በሙሉ ኃይሉ ይንዘፈዘፋል። የገዛ ጡንቻቸው አጥንታቸውን ይሰብር ነበር። በ1939 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በካርዲያዞል የታከሙ ሰዎችን ጀርባ በራጅ ሲያይ ከአሥሩ አራት ያህሉ አከርካሪያቸው ተጎድቶ ተገኘ። ይህ የወጣቶችም ዕጣ ነበር፤ አጥንቱ የሳሳ አረጋዊ፣ ልቡ የደከመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይቀርብም። «ለዚህ ሕክምና ሰውነቱ አይችልም» ተብሎ ይመለሳል። ይህ አባባል በዚያን ጊዜ ልክ ነበር።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በ1940 በአሜሪካዋ ኔብራስካ አብራም ቤኔት የሚባል ሐኪም የደቡብ አሜሪካ አዳኞች የፍላጻቸውን ጫፍ የሚቀቡትን ኩራሬ የተባለ መርዝ በልኩ ሰጥቶ ጡንቻ እንዲላላ አደረገ። አጥንት መስበሩ ቀነሰ። ነገር ግን ኩራሬ ቶሎ አይለቅም፤ የመተንፈሻ ጡንቻንም አብሮ ያስተኛል። አጥንቱ ድኖ ትንፋሹ የሚቆም ሰው መጣ። ሐኪሞች ፈርተውት ብዙም አልተስፋፋም።

ሁለተኛው መልስ በ1951 ከስቶክሆልም መጣ። እዚያ ተመራማሪዎች ሰክሲኒልኮሊን የሚባል፣ ጡንቻን ሙሉ በሙሉ አላልቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሰውነት የሚጠፋ መድኃኒት በሰው ላይ ሞከሩ። በ1952 ሆልምቤሪና ቴስሌፍ የተባሉት በኤሌክትሪክ ሕክምና ላይ የተጠቀሙበትን ውጤት አሳተሙ። መድኃኒቱ ታማሚውን ነቅቶ ሳለ መተንፈስ ስለሚያስቸግረው አብሮ ማደንዘዣ፣ አብሮ ኦክስጂን ግድ ሆነ። ኮረንቲ ብቻ የነበረው ክፍል ቀስ በቀስ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የኦክስጂንና የልብ መከታተያ ያለበት ክፍል ወደ መሆን ሄደ። ሱብሓነላህ፣ ያች አክስት አሁን የተኙባት ከተማ አረጋውያንና ደካሞች ይህን ሕክምና እንዲያገኙ በሩ የተከፈተባት ከተማ ናት። ስዊድን ዛሬም ይህን ሕክምና በብዛት ከሚጠቀሙ አገሮች አንዷ ስትሆን ውጤቱና ጉዳቱ የሚሰፍርበት አገር አቀፍ መዝገብም አላት።

አሁን ወደ ልብ እንመለስ፤ የማደንዘዣው ወንድማችን በወረቀት እየሣለ ያስረዳንን እንዳገኘነው እንጻፈው። ኮረንቲው በልብ ውስጥ አያልፍም ብለናል። ልብ ግን የሚታዘዘው ከአንጎል በሚወርዱ ነርቮች ነው። ኮረንቲው በተሰጠ ቅጽበት ልብን የሚያቀዘቅዘው ነርቭ ይነሣል፤ ምቱ ይዘገያል፣ ለጥቂት ሰከንዶች ጨርሶ ዝም የሚልበትም ጊዜ አለ። ማንዘፍዘፉ ሲጀምር ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይሮጣል፣ የደም ግፊት ይሻቅባል። ማንዘፍዘፉ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ የልቡ ሩጫ ግን ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀጥላል። ወንድማችን «ደረጃ በሩጫ እንደወጣ ሰው አስበው» አለን። ጤነኛ ልብ ይህን ከቁብ አይቆጥረውም። በሩ የጠበበ ልብ ግን ሲሮጥ ለመሙላት ጊዜ ያጣል፤ በማደንዘዣው ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ለራሱ የሚበቃ ደም ያጣል። ስለዚህ ልጁ የፈራው ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም።

ግን ይህ አደጋ በየትኛው ሰከንድ እንደሚመጣ ይታወቃል። ሐኪሞቹ የያዙት ትልቅ ነገር ይህ ነው። መቀዛቀዙን የሚከላከል አትሮፒን ወይም መሰሉ አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል። ሩጫውንና ግፊቱን የሚቆጣጠሩ እንደ ኤስሞሎልና ላቤታሎል ያሉ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶች በመርፌ ተሞልተው ይጠብቃሉ። ለሁሉም ሰው በጅምላ አይሰጡም፤ እንደ ልቡ ዓይነት ይመረጣሉ። ኦክስጂኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቋረጥም። ምላስና ጥርስ እንዳይጎዱ አፍ ውስጥ መከላከያ ይደረጋል። አንድ የገረመን ነገር፦ በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ የግፊት መለኪያ ጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ወደዚያ እግር እንዳይደርስ። ሰውነቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሳለ ማንዘፍዘፉ መጀመሩና ማለቁ በዚያች እግር ይታያል። በፊልም ያየነው መንፈራገጥ ዛሬ እግር ጣት ላይ ቀርቷል።

ፊልሙን ካነሣን ዘንዳ ስለ እሱም እንናገር፤ ምክንያቱም ትልቁ ልጅ «ይገድሏታል» ያለው ከሕክምና መጽሐፍ አንብቦ ሳይሆን ከፊልም አይቶ ሳይሆን አይቀርም። ኬን ኬሲ በ1962 ያሳተመው ልብወለድ በ1975 ፊልም ሆኖ ዓለምን አዳረሰ፤ በውስጡ ኮረንቲ አልታዘዝ ያለን ሰው መቅጫ ነው። ይህ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ነው የሚል ካለ እኛ አንስማማም። በአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ሕክምናው በግድ፣ አንዳንዴም ለማስፈራራት የዋለበት ዘመን ነበር። ታላቁ ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ይህን ሕክምና ወስዶ ትዝታዬ ጠፋ ብሎ አማርሮ በ1961 ራሱን አጠፋ። በ1972 አሜሪካ ውስጥ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጨው ቶማስ ኢግልተን በሕይወቱ ይህን ሕክምና ወስዶ እንደነበር ሲታወቅ በታጨ በ18 ቀኑ ከዕጩነቱ ወረደ። በ1982 የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ከለከለው፤ ፍርድ ቤት ነው ክልከላውን የሻረው። ከእኛው ዓለምም አንደብቅ፤ በቱርክ በ2005 አንድ የሰብዓዊ መብት ዘገባ ሕክምናው ያለ ማደንዘዣ ይሰጥ እንደነበር አጋልጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ያለ ማደንዘዣ መስጠት መቆም እንዳለበት ጽፏል። ሕንድ በ2017 በሕግ ከልክላዋለች። ስለዚህ አንድ ሰው «የኮረንቲ ሕክምና» ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «በማደንዘዣ ነው ያለ ማደንዘዣ?» ይሁን። ሁለቱ አንድ ስም የያዙ ሁለት ነገሮች ናቸው።

ይህ ሁሉ ጥላቻ እያለ ሕክምናው ለምን አልሞተም? ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የድባቴ ክኒኖች መጥተው ነበር፤ ብዙዎች «ኮረንቲ አበቃለት» ብለው ነበር። ነገሩን የገለበጠው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ልብ ነው። የዚያን ዘመን ክኒኖች የልብን የኤሌክትሪክ መስመር ያውኩ ነበር፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነበሩ። ቀስ ብለውም ነው የሚሠሩት፤ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ምግብ ያቆመ አረጋዊ ሳምንታት የለውም። እንዲህ ሆኖ ቀድሞ «ሰውነቱ አይችልም» ተብሎ ከኮረንቲ ክፍል የተመለሰው ታማሚ፣ አሁን ክኒኑን ሰውነቱ ስላልቻለው ወደዚያው ክፍል ተመልሶ መጣ።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1978 ጉዳዩን መርምሮ ዘገባ አወጣ፤ በ1985 የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ባለሙያዎችን ሰብስቦ አከራከረ፤ በ1990 ማኅበሩ አዲስ መመሪያ ጻፈ። በዚያ መመሪያ ውስጥ ዛሬ ድረስ የሚያነጋግር አቋም አለ፦ ይህን ሕክምና በምንም ሁኔታ ፈጽሞ የሚከለክል የአካል በሽታ የለም። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው አደጋ የለውም» የሚል ሰው ተሳስቷል። መመሪያው ራሱ አደጋቸው ከፍ ያለ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። በቅርቡ የልብ ድካም ደርሶበት ልቡ ገና ያልተረጋጋ፣ በቅርቡ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት፣ የደም ሥሩ አብጦ ሊፈነዳ የሚችል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ኖሮት ግፊት የጨመረበት። የአቋሙ ትርጉም «እነዚህን አትንኩ» ሳይሆን «የእነዚህን እያንዳንዳቸውን ጉዳይ ለብቻው መዝኑ» ነው።

የአንጎል ዕጢው ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1980 የታተመ አንድ ግምገማ ዕጢ እያለባቸው በኤሌክትሪክ የታከሙ 35 ሰዎችን ሰብስቦ አየ፤ አብዛኞቹ ተባብሶባቸው ከሩብ የሚበልጡት በአንድ ወር ውስጥ ሞተዋል። ያስደነግጣል። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ዕጢ እንዳለባቸው ሳይታወቅ የታከሙ ነበሩ። በኋላ የአንጎል ሲቲ ስካን ሲስፋፋ፣ ትንሽና ዙሪያውን ያላሳበጠ፣ ግፊት ያልጨመረ ዕጢ ያለባቸው ሰዎች በጥንቃቄ ታክመው ደህና የሆኑ ታዩ። በሽታው ሳይሆን አለማወቁ ነበር ገዳዩ ማለት ማጋነን ነው፤ ግን ትልቁን ድርሻ ይዟል።

ስለ ልብ የተጻፈውን ስንፈልግ ሁለት ጥናት ዓይናችን ውስጥ ገባ። አንዱ በ1993 ከኒው ዮርክ የወጣ ነው። የልብ በሽታ ያለባቸው 40 የድባቴ ታማሚዎችን ልባቸው ጤነኛ ከሆነ 40 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። የልብ ሕሙማኑ ላይ የልብ ችግር በብዛት ታይቷል፤ ይህን ጥናቱ አልሸሸገም። አብዛኛው ግን ጊዜያዊ ነበር፤ ከ40ዎቹ 38ቱ ሕክምናቸውን ጨርሰዋል። ሌላው በ2007 ከአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የወጣ ሲሆን ርእሱ የእኛኑ ጉዳይ ነው፦ በጣም የጠበበ የልብ በር ያለባቸው አሥር ታማሚዎች። አሥሩ በድምሩ ከመቶ በላይ ጊዜ ታክመው በሕክምናው የሞተ አልነበረም። አሥር ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ ተነሥቶ ለሁሉም ዋስ መሆን አይቻልም። ሆኖም «ልቧ አይችልም» ከሚለው ጋር ስናስተያየው ከባዶ በጣም ይሻላል።

ከሁሉ ሰፊው ቁጥር በ2017 የታተመ ግምገማ ነው። ከ32 አገሮች የተሰበሰበ ወደ 766 ሺህ የሚጠጋ ሕክምና ውስጥ ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ሞት 16 ሆኖ ተገኘ፤ ከመቶ ሺህ ሕክምና ሁለት ያህል ማለት ነው። ይህ የሁሉም ታማሚ አማካይ እንጂ የልብ ሕሙማን ብቻ እንዳልሆነ አትርሱ። ግን ሚዛኑን ሙሉ ለማድረግ በሌላው ወገን የሚቀመጠውንም መርሳት የለብንም፤ ሳይታከም የቀረ ከባድ ድባቴ። አለመብላት፣ አለመጠጣት፣ አልጋ ላይ ውሎ ደም መርጋት፣ የልብ መድኃኒትን አልውጥም ማለት፣ ራስን ማጥፋት። ትልቁ ልጅ ሲቆጥር የነበረው የሕክምናውን አደጋ ብቻ ነው። የዝምታውን አደጋ ማንም አልቆጠረለትም።

ዋጋውንም እንንገራችሁ፤ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ሕክምና የለም። ታማሚው ሲነቃ ለጥቂት ጊዜ ግራ ይጋባል። በሕክምናው ሳምንታትና ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የሆኑ ነገሮች ከትዝታ ሊጠፉ ይችላሉ፤ አብዛኛው ይመለሳል፣ የማይመለስም አለ። የኮረንቲው ዓይነትና የሽቦዎቹ አቀማመጥ ከተቀየረ ወዲህ ይህ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ሌላው፣ ሕመሙ ይመለሳል። በ2001 የታተመ ትልቅ ጥናት ተሽሏቸው ሳለ ቀጣይ መድኃኒት ካልተሰጣቸው ሰዎች ከመቶ 84ቱ በስድስት ወር ውስጥ እንደታመሙ አሳይቷል። ሁለት መድኃኒት ተዳምሮ በተሰጣቸው 39 ብቻ ነበር። ስለዚህ «ጨረስን» ብሎ ወደ ቤት መግባት የለም።

አሁን ወደ መካከለኛው ልጅ፣ ሩቅያ ወዳለው። እሱን አንንቀውም። ቁርኣን በታማሚ ላይ መቅራት ሱንና ነው፤ ማንም ሆስፒታል ከዚህ አልከለከለም። ግን ሩቅያን ከሕክምና ጋር ማጣላት የቀደምት ዓሊሞቻችን መንገድ አልነበረም። ነቢያችን ﷺ መታከምን ማዘዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በ934 ያለፉት አቡ ዘይድ አልበልኺ ረሒመሁላህ «መሷሊሑል አብዳን ወልአንፉስ» በተሰኘው ኪታባቸው ሐዘንን በሁለት ከፍለውታል። አንዱ ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ሰው ሲሞት፣ ንብረት ሲጠፋ። ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅ፣ ሰውየው ራሱ «ለምን እንዳዘንኩ አላውቅም» የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ከአካል መታወክ የሚመነጭ ብለው በአካል መድኃኒት እንዲታከም ጻፉ እንጂ በኢማን ድክመት አልወቀሱትም። በ1284 ካይሮ ላይ የተከፈተው የሱልጣን ቀላዉን ቢማሪስታንም ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። አክስትየው «አላህ ትቶኛል» ሲሉ ዕድሜ ልካቸውን ፈጅር ያላሳለፉ ሴት ናቸው። ያ ንግግር የእሳቸው ዐቂዳ አይደለም፤ የሕመሙ አፍ ነው።

ፊቅሁን በተመለከተ ኢማማችንን ጠይቀን የነገሩንን በአጭሩ እናስቀምጥ። ሁለት ጉዳት ሲገናኙ ቀላሉ ይወሰዳል፤ የትኛው ቀላል እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ የታመነ ባለሙያ ነው። የታማሚዋ ፈቃድ ይጠየቃል። ከሕክምናው በፊት ባዶ ሆድ ግድ ስለሆነ ረመዳን ላይ የሚደርስበት ሰው «ጾሜን አልፈታም» ብሎ ከማደንዘዣው ጋር መታገል የለበትም፤ ታማሚ ነው፣ ሩኽሷ አለው፣ ቀዷውን ያወጣል። በማደንዘዣ ራስን መሳት ውዱእ ያፈርሳል። ሲነቁ ግራ የሚጋቡበት ሰዓት እስኪያልፍ ቤተሰቡ ታግሦ፣ ቀስ ብሎ የሰላት ሰዓቱን ያስታውሳቸው።

ወጣቱ በአምስተኛው ቀን መጣ። «ይደረግ» ወይም «ይቅር» አላልነውም። ለዘመዶቹ የሚልከው ጥያቄ ጻፍንለት፦ የልባቸው አልትራሳውንድ በቅርቡ ታይቷል ወይ? የልብ ሐኪሙና የማደንዘዣ ሐኪሙ ተቀምጠው ተነጋግረዋል ወይ? ግፊቱ ቢወርድ ምን፣ ቢወጣ ምን ተዘጋጅቷል? የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ የልብ ክትትል ክፍል ቅርብ ነው ወይ? በሩን ማስጠገን መቅደም ይችላል ወይስ ሰውነታቸው እስኪያገግም አይጠብቅም? ከተሻላቸው በኋላ ምን ይቀጥላል? የማደንዘዣው ወንድማችን ከሁሉ አጥብቆ ያለው የመጨረሻውን ነው።

መልሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰን። ሐኪሞቹ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መልሰዋል፤ አንዱን ራሳቸው አስበውበት ለልብ ሐኪሙ እንደገና ልከውታል። ቤተሰቡ ተስማማ፤ ትልቁ ልጅ ግን ወረቀቱ ላይ እጄን አላደርግም አለ። አሁን አምስተኛው ሕክምና አልፏል። ሁለተኛው ላይ ግፊታቸው ከፍ ብሎ በመድኃኒት ወርዷል። ሾርባ ይጠጣሉ። ሐሙስ ዕለት ማን እንደጠየቃቸው አያስታውሱም፤ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ትልቁ ልጅ አሁንም አልተስማማም፤ በየሕክምናው ቀን ጠዋት ግን ወደ ሆስፒታል በመኪናው የሚወስዳቸው እሱ ነው። መካከለኛው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይቀራላቸዋል።

ወላሁ አዕለም።